ቡና አጣጭ



የሚዛን አማን ነዋሪዎችና እንግዶቻችን፣ ንግግሬን በምርቃት ልጀምር። የቡና አጣጭ አያሳጣችሁ።

አሜን ስላላችሁ አመሰግናለሁ። አሁን ምርቃቱን ልብ ብለን እንስማው። መራቂው ቡና እየለመነ አይደለም። ቡናማ በዚህ አገር ከእግራችን ሥር ነው። ከ10 ሺህ ሄክታር በላይ ይዞታ ያለው የበበቃ እርሻ እዚሁ ደጃችን ላይ ነው፤ የቴፒው አለ፤ ከዚያ ወዲያ በሸካና በከፋ ጫካ ውስጥ ማንም ሳይተክለው ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የበቀለ ቡና አለ። አባቶቻችን ይህን ሁሉ እያዩ የለመኑት አብሮ የሚጠጣ ሰው ነው። ሲኒ ይዞ ከሚጠብቀኝ ሰው አትለየኝ ማለታቸው ነው። ዛሬ ስለ አእምሮ ጤና ተናገር ተብዬ ስጠራ፣ ባህልና አካባቢ የሰውን አእምሮ እንዴት እንደሚጠብቁና እንዴት እንደሚሰብሩ የማስረዳበት ከዚህ ምርቃት የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

ከቋንቋው እንነሣ። ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣ ሰው «ድባቴ ይዞኛል» አይልም። ድባቴ የሚለውን ቃል የምንሰማው በሬዲዮና በስብሰባ ነው። በሽተኛው የሚለው «ራሴን ይወጥረኛል፣ ሰውነቴን ያቃጥለኛል፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ ሐሳብ በዛብኝ» ነው። እናት ከሆነች «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ትላለች። ካርዱን የሚጽፈው ባለሙያ ከቸኮለ ታይፎይድ ወይም ጨጓራ ብሎ ይጽፋል፤ ሴትዮዋ ኪኒኗን ይዛ ትሄዳለች፤ በወሩ ሆዷን ባር ባር እያላት ትመለሳለች። ሆዷ ግን ከመጀመሪያው እውነቱን ተናግሮ ነበር። በአማርኛ ኀዘንም፣ ናፍቆትም፣ ቂምም፣ ርኅራኄም መኖሪያው ሆድ ነው። ሆደ ባሻ እንላለን፣ ሆደ ሰፊ እንላለን፣ «ሆድ ይፍጀው» ብለን ዝም እንላለን። አንዳንድ ባለሙያዎች «ሕዝባችን የመንፈስ ሕመሙን በአካል ሕመም ይሸፍናል» ሲሉ እሰማለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሴትዮዋ አልሸፈነችም። በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ በትክክል ነግራናለች፤ ያልሰማነው እኛ ነን።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 አርተር ክላይንማን የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም በቻይና ሁናን ግዛት፣ ቻንግሻ ከተማ ውስጥ «የነርቭ ድካም» የተባለላቸውን 100 ሕሙማን መርምሮ ነበር። ሰዎቹ የሚሉት ራስ ምታት፣ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ድካም ነው። እሱ በተማረበት መለኪያ ሲያያቸው 87ቱ የድብርት ሕመም ነበረባቸው። ቻይና ያኔ ከባህል አብዮቱ ገና መውጣቷ ነበር። በዚያ ዘመን «ከፍቶኛል፣ ተስፋ ቆርጫለሁ» ማለት መንግሥትን እንደ መክሰስ ይቆጠር ስለነበር፣ አፍ የፈራውን ራስ ምታት ይናገረው ነበር። በዚምባብዌ ደግሞ የሾና ሕዝብ ለዚህ ሕመም «ኩፉንጊሲሳ» የሚል ቃል አለው። ትርጉሙ ሐሳብ መብዛት ነው። አንዲት የሐራሬ ሴትና አንዲት የሸኮ ሴት ሳይተዋወቁ በአንድ ቃል ታመሙ ማለት ነው።

እስካሁን የነገርኳችሁ ቃሉን ነው። አሁን ወደ ምድሩ ልውሰዳችሁ።

በ1977 ዓ.ም. ከዚያ ክፉ ድርቅ በኋላ መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ አንሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ፤ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ መተከል። ከዚያ ሕዝብ የተወለዳችሁ በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የወሎ ገበሬ ዓይኑ የለመደው ገላጣ ተራራና እስከ አድማስ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ጎረቤቱ ከማዶ ሲጣራ ይሰማዋል፤ ጭስ ሲያይ የማን ቤት እንደሆነ ያውቃል። እዚህ ሲደርስ ዛፉ ሰማዩን ሸፍኖበታል። ዝናቡ በአገሩ እንደሚያውቀው ክረምት መጥቶ የሚሄድ ሳይሆን ከዓመቱ የሚበዛውን ወር የሚቀመጥ ሆነበት። በሬውን ገንዲ ፈጀበት፤ ሞፈርና ዕርፍ የለመደ እጅ ዶማ ያዘ። ልጁን ወባ ወሰደበት። የአባቱን መቃብር፣ የሰፈሩን ደብር፣ ዱዓ የሚያደርግበትን የወሊ ሥፍራ ትቶ ነው የመጣው። አሉላ ፓንክረስት ወለጋ ውስጥ ባለ አንድ የሰፈራ መንደር ተቀምጦ የሰፋሪዎቹን ኑሮ ከራሳቸው አንደበት ሰምቶ እ.ኤ.አ. በ1992 መጽሐፍ አድርጎታል። አስቀድሞ የታሰበላቸው ሄክታሩና እህሉ እንጂ ናፍቆታቸው አልነበረም። ብዙዎች ጫካና ወንዝ አቋርጠው በእግራቸው ወደ አገራቸው ለመመለስ ሞክረዋል። ረሃብ ካባረረው መሬት ወደዚያው መሬት በእግር መመለስ ለዕቅድ አውጪ እብደት ይመስላል። አገሩን ለለቀቀ ሰው ግን ጤና ፍለጋ ነው።

አንዲት ወሎዬ እናት ስትመጣ ይታያችሁ። በአገሯ ከገበያ በሲኒ ለክታ ትገዛው የነበረውን ቡና እዚህ በጓሮዋ በቅሎ አገኘችው። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን አፈላች። የሚቀመጥላት ግን አልነበረም። የቅርብ ጎረቤቷ ቤንችኛ ወይም ሸኮኛ ይናገራል፤ እሷ አማርኛ። ዘመዶቿን የጫነው መኪና ወደ ሌላ አውራጃ ሄዷል። ቡናው ሞልቶ አጣጩ ታጣ። ሐኪም ጠይቋት ቢሆን ኖሮ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ባለችው ነበር።

የተቀባዩንም ሆድ እንይ። ቤንቹም፣ ሸኮውም፣ መዠንግሩም፣ ሸካቾውም በጫካው መሐል የሰፋሪ ቤት ሲሠራ ማንም አላማከረውም። በሸካ ጉዶና ዴዶ የሚባሉ የጸሎትና የምስጋና ሥፍራዎች አሉ፤ ዛፋቸው አይቆረጥም። የሸካ ደን እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘገብ ዓለም ያወቀው ነገር፣ ይህ ሕዝብ ደኑን በሃይማኖቱና በሥርዓቱ ጠብቆ እዚህ እንዳደረሰው ነው። ቀፎ የሚሰቅልበት ዛፍ ሲወድቅበት ሰውዬው የጠፋበት ማር ብቻ ሆኖ ከታየን ሰውዬውን አላየነውም። ከመንደሩ ንቅንቅ ሳይል አገሩን ያጣ ሰው ነው እሱ። ተሰዶ የመጣውና በቤቱ እያለ ስደተኛ የሆነው ሁለቱም ታመሙ፤ አንዳንዴም ሕመማቸውን እርስ በርስ ተወጡት። በዚህ አካባቢ ባየናቸው ግጭቶች ቤት የተቃጠለበት፣ ዘመድ የሞተበት ሰው ሁሉ ያንን ዕዳ ነው የከፈለው።

ይህ ምድር ግን የፈወሰበትም መንገድ አለ። ወሎዎቹ ወዳጃ የሚሉትን ሥርዓት ይዘው መጡ፤ ለታመመና ለጨነቀው ሰው ቡና አፍልቶ፣ ተሰብስቦ ዱዓ ማድረግን። ዕድር አቋቋሙ። ልጆች ተጋቡ፤ የልጅ ልጆች ሁለት ቋንቋ ያዙ። የወሎዬዋ የልጅ ልጅ ዛሬ ከቡና ቅጠል፣ ከዝንጅብልና ከቃሪያ የሚፈላውን ጨሞ ከቤንች ጎረቤቷ ጋር ትጠጣለች። ይህ ሁሉ አንድ ትውልድ ሙሉ ፈጅቷል። ዛሬም ሰውን ከቦታው የሚያነሣ ዕቅድ የምታወጡ ባለሥልጣናት በመካከላችን ካላችሁ የምለምናችሁ ይህን ነው፤ ጎረቤታሞችን በአንድ መኪና ጫኑ፣ አጎራብታችሁም አስፍሯቸው።

ርቀቱ ውቅያኖስ ሲሆንም ነገሩ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት በካናዳ ቶሮንቶ ከሚኖሩ 342 ኢትዮጵያውያን መካከል ወደ 10 በመቶ የሚጠጉት በሕይወታቸው የድብርት ሕመም አግኝቷቸው ነበር። በአገር ቤት ከተለካው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው።

ምድር ስል ግን ናፍቆትን ብቻ ማለቴ አይደለም። አፈሩ ራሱ አለ። በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ በተፈጠረ ቀይ ሸክላ አፈር፣ ዝናብ በሚበዛበት ደጋና ወይናደጋ፣ ባዶ እግሩን የሚያርስ ሰው ጥቃቅን የአፈር ቅንጣት በቆዳው ዘልቆ ይገባና ከዓመታት በኋላ እግሩ ያብጣል። ዝሆኔ የምንለው ነው። ሰው ግን «የዘር ነው፣ እርግማን ነው፣ ይጋባል» ይላል። ባለ እግሩ ከሠርግ ይቀራል፤ ከቤተ ክርስቲያን ይቀራል፤ ልጁን የሚያገባለት ያጣል። በሰሜን ኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት ይህ ሕመም ካለባቸው 12.6 በመቶው የድብርት ምልክት ነበራቸው፤ ከሌለባቸው ጎረቤቶቻቸው ግን 0.7 በመቶው ብቻ። ይህን ልዩነት አፈር ብቻውን አያመጣውም። አፈሩ እግር አሳበጠ፤ ልብ የሰበረው የጎረቤት ዓይን ነው። በቴፒና በበበቃ ፈጣን ወንዞች ዳር ያለው ኦንኮም ሌላው ነው። ጥቁሯ ዝንብ የምታስተላልፈው ትል ቆዳን ሌሊቱን ሙሉ ያሳክካል። ወር ሙሉ ያልተኛ የቡና ለቃሚ በሥራው ላይ ቢነጫነጭ፣ ቢጠጣ፣ ቢጣላ «ጠባዩ ከፋ» ይባላል። አይቨርሜክቲኑን በየጊዜው ለሕዝቡ የሚያድሉ ሰዎች የሰውን ቆዳ ሲያድኑ እንቅልፉንና ትዳሩንም እያዳኑ መሆናቸው ሊነገራቸው ይገባል።

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችንን ደስ የሚያሰኝ፣ እኔን ግን የሚያስፈራኝ ታሪክ ልንገራችሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በዘጠኝ አገሮች ስለ ከባዱ የአእምሮ ሕመም፣ ስለ ስኪዞፍሬንያ ትልቅ ጥናት ጀመረ። ናይጄሪያ፣ ሕንድ፣ ኮሎምቢያ፣ ዴንማርክ፣ እንግሊዝ፣ አሜሪካ፣ ሌሎችም ነበሩበት። ሕሙማኑን ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ሲያዩአቸው በናይጄሪያዋ ኢባዳንና በሕንዷ አግራ ያሉት በሀብታሞቹ አገሮች ካሉት በተሻለ ድነው ተገኙ። ዓለም ተደነቀ። «የገጠር ኑሮ፣ ሰፊ ቤተሰብ፣ የዋህ ጎረቤት ያድናል» ተባለ። እኛም አፋችንን ሞልተን ባህላችን መድኃኒት ነው አልን።

ከዚያ ቡታጅራ መጣ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. ማለቴ ነው፣ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች፣ ከነሱም መካከል ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም፣ በቡታጅራ ገጠር ቤት ለቤት እየዞሩ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ጠየቁ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለዓመታት ተከታተሉ። ዕድርም፣ ቡናም፣ ዘመድም ባለበት አገር ያገኙት ምንድን ነው? አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና ያላገኙ ነበሩ። በአሥር ዓመት ክትትል ውስጥ የሞቱት፣ አለጊዜያቸው በመቀጨታቸው በአማካይ ወደ 30 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አጥተዋል። ከቤተሰቦቻቸው 178ቱ ሲጠየቁ 75 በመቶው መገለል ደርሶብናል ብለዋል።

ስለዚህ እውነቱን እንነጋገር። ባህላችን ሐሳብ የበዛበትን ሰው ይሰበስባል። ኀዘንተኛን ለብቻው አይተውም፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ተክሎ፣ ንፍሮ ቀቅሎ፣ ቀን ቆጥሮ አብሮት ይቀመጣል። ይህን በገንዘብ የሚገዛ አገር በዓለም ላይ የለም። ያበደውን ግን ያው ባህል ያወጣዋል። በመጀመሪያው ሳምንት ጎረቤት ይመጣል፤ በመጀመሪያው ወር ጸሎት ይደረጋል፤ በዓመቱ ሰውዬው ከጓሮ ባለች ጎጆ ምሰሶ ላይ በሰንሰለት ታስሮ ይገኛል። ያሰሩት ጠላቶቹ እንዳይመስሏችሁ። እናቱ ናት፤ ወንድሙ ነው። ቢለቁት ወንዝ ይገባል፣ ቤት ያቃጥላል፣ መኪና ይገጨዋል ብለው ፈርተው ነው። በክፋት አልፈርድባቸውም። እጃቸው ላይ የነበረው ሌላ ነገር ምንድን ነው? በጣሊያን ወረራ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ከዚህ አዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የሚወራጭ ልጇን በአውቶቡስ ያን ያህል መንገድ ለመውሰድ ቡናዋን ገና አበባው ላይ የሸጠች እናት በዚህ አገር አዲስ አይደለችም።

ሌላም ያወጣነው አለ። በከፋና በሸካ ማንጆ የሚባሉ ወገኖቻችን ለዘመናት ከሰው ጋር በአንድ ገበታ እንዳይቀርቡ፣ በአንድ ዕቃ እንዳይበሉና እንዳይጠጡ ተደርገዋል። ስለ አእምሮ ጤና አዳራሽ ሞልተን እያወራን ይህን ብንዘል ውሸታሞች ነን። ሕፃን ልጅ ገና ፊደል ሳይቆጥር ለእሱ ሲኒ እንደማይሰጥ ሲማር በልቡ የሚቀመጠው ነገር በየትኛውም ኪኒን አይነቀልም። የሚነቀለው ሲኒውን በሚይዘው እጅ ነው።

ስለ ጸበልና ስለ መንፈስ የማልናገር መስሏችሁ ከሆነ እናገራለሁ። በጎንደር ዛር፣ በከፋ በአላሞ፣ በባለ መንፈሱ ሰው፣ አፍ የሚናገረው ኤቆ የሚባል መንፈስ፣ በየደብሩ ጸበል፣ በየመስጊዱ ዱዓ አለ። ሳይመን መሲንግ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ ጎንደር ዛር ሲጽፍ፣ በባልና በድህነት የተጨቆነች ሴት በዛሩ ማኅበር ውስጥ ወዳጅ፣ ሰሚና ክብር እንደምታገኝ አሳይቷል። እሷም ያገኘችው ቡና አጣጭ ነው። አባቶች ካህናት፣ ሼኾችና ፓስተሮች፣ ሰው ከእኛ ወደ እናንተ ቀድሞ ይመጣል፤ ይምጣም። የምለምናችሁ «መድኃኒቱን አቁም» እንዳትሉት ብቻ ነው። ጸበሉን ይጠመቅ፣ ኪኒኑንም ይዋጥ። ሁለቱ በአንድ ሆድ ውስጥ አይጣሉም።

ዛሬ የ1977ቷ እናት ያልነበራት ነገር አለን። ጅማ ላይም፣ እዚሁ ሚዛን ላይም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ከዚያም ትልቁ ዜና ይህ ነው፤ በአገራችን ገጠር በ329 ከባድ የአእምሮ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ ግማሽ ያህሉ በቅርባቸው ባለ ጤና ጣቢያ በሠለጠኑ ተራ የጤና ሠራተኞች ሲታከሙ፣ በአእምሮ ነርስ ከታከሙት ያላነሰ ውጤት እንዳገኙ አረጋግጧል። በሶዶ ወረዳ የተደረገና በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ አለ። ሐኪም ያልሆኑ፣ ከማኅበረሰቡ የተመረጡ ሠራተኞች በጥናቱ ከተካተቱት 166 ሕሙማን የግማሽ ያህሉን ቤት እየዞሩ ቤተሰብ አስታረቁ፣ ወደ ሥራና ወደ ማኅበር መለሱ። በዓመቱ እነዚያ ሰዎች መድኃኒት ብቻ ካገኙት የተሻለ ቆመው ሄዱ። መድኃኒቱም አጣጩም ሲገናኙ ማለት ነው። በሐራሬ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 14 ሴት አያቶችን አሠልጥኖ ከክሊኒክ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፤ ሐሳብ የበዛበት ሰው መጥቶ አጠገባቸው ይቀመጣል፣ ያወራል። በአሥር ዓመቱ ሲፈተሽ የድብርት ምልክትን በእጅጉ እንደቀነሰ ታወቀ። እኛ ወንበር መሥራት እንኳ አያስፈልገንም። ረከቦቱ በየቤቱ አለ።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ አንድ ነገር ለምኜ ልቀመጥ። በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ጓሮ የታሰረ ሰው ካለ ነገ ጠዋት ለቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ንገሩ። አትፈሩ፤ ጤና ጣቢያ አድርሱት፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ አብራችሁት ሂዱ። ሲሻለው ደግሞ ቡና ሲፈላ ስሙን ጠርታችሁ ጥሩት። ከማዶ አታስቀምጡት፤ በሌላ ዕቃ አትስጡት። አቦሉን በዚያው ሲኒ፣ በእጁ ስጡት።